ልክፈተው ልዝጋው?

ደሴ እያደርኩ ኮምቦልቻ ስሠራ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ጠዋት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። መውረድና መውጣት ያልኩት እንዲያው ለአፍ ማሳመሪያ አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1850 ገደማ ላይ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን መሀል ላይ ሐረጎ አለ። ሐረጎ መንገዱ ሄዶ ሄዶ፣ ዞሮ የራሱን ጀርባ የሚያይበት ቦታ ነው።

ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል። በየ1000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። የምሠራው ሒሳብ ክፍል ስለሆነ አስልቼዋለሁ። በእኔ መንገድ፣ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ወደ 4 ዲግሪ ይሄዳል ወይም ይመጣል። ወረቀት ላይ 4 ዲግሪ ምንም አይደለም። ሚኒባስ ውስጥ ግን ጠብ ነው።

ጠቡ የመስኮት ነው።

ጠዋት ከደሴ ስንነሣ ጠብ የለም። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን ውጧታል። ሰው ሁሉ ጋቢውንና ኮቱን እስከ አፍንጫው ስቦ ይገባል። መስኮቶቹ ዝግ ናቸው፤ መስታወቱ በእኛው ትንፋሽ ላብ ያወርዳል። ወሬ የለም። ረዳቱ እንኳ "ሒሳብ" የሚለው በሹክሹክታ ነው። ሐረጎን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር አንዱ የኮቱን ቁልፍ ይፈታል። ሌላዋ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ታወርዳለች። ከዚያ ነው ወሬ የሚጀመረው። ብዙ ጊዜ ታዝቤዋለሁ፤ ሰው አጠገቡ ሰው መኖሩን የሚያየው ከሞቀው በኋላ ነው። ኮምቦልቻ ሜዳው ከታች መታየት ሲጀምር ደፋሩ እጁን ወደ መስኮቱ ይሰዳል። ስንጥቅ ያህል ይከፍታል። ወዲያው ከኋላ፣

"ኧረ ንፋስ!"

ሀገራችንን የሚያውቅ ይህችን ቃል ያውቃታል። የምትናገራት ሴትዮ አንድ ሰው አይደለችም። በየመኪናው አለች። አንዳንዴ ወንድ ናት፣ አንዳንዴ ጎረምሳ ናት። አንዳንዴም፣ እንደምታዩት፣ እኔ ነኝ።

ንፋስን እንዲህ መፍራታችን ከየት መጣ? እኔ ነገሩ ቋንቋችን ውስጥም ያለ ይመስለኛል። በአማርኛ ሰውን ብርድ ይይዘዋል ብቻ አይባልም፣ ብርድ ይመታዋል ይባላል። ንፋስ ይገባዋል። ፀሐይ ላይ ውሎ ትኩሳት ከተነሣበት ምች መታው ይባላል። ሐኪም ቤት ሄዶ ሳንባው ሲታይም የሚሰጠው ስም ሳንባ ምች ነው። እንግዲህ በሽታ ሁሉ ዱላ ይዞ በር ላይ የሚጠብቅ ከሆነ፣ መስኮት መክፈት ማለት ለመቺው በር መክፈት ነው። እናቴ ዳማከሴ እየጨመቀች ያሳደገችኝ ሰው ነኝና በዚህ ላይ አልስቅም። ዳማከሴው ይሥራም አይሥራም፣ ግንባሬን የምታሽበት እጅ ግን ይሠራ ነበር።

ሐኪሞች የሚሉት ደግሞ ሌላ ነው። ጉንፋን የሚያመጣው ንፋሱ ሳይሆን ቫይረሱ ነው። ቲቢ የሚወደው የታፈነ ክፍል ነው። ኮሮና የገባ ጊዜ፣ በ2012፣ መኪና ውስጥ መስኮት ክፈቱ ሲባል ሰምተናል። ታክሲው በግማሽ ሰው፣ በእጥፍ ሒሳብ፣ በክፍት መስኮት ሄደ። ከዚያ ኮሮናው ሲረሳ መስኮቱም ተዘጋ። እኔ ግን ትምህርቱን ይዤ ቀረሁ። ማለት፣ ይዤ የቀረሁ መስሎኝ ነበር።

ግንቦት ላይ ነው። የግንቦትን የኮምቦልቻ ከሰዓት ለማያውቅ ልንገር። ቢሯችን ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ከላይም እሳት ከታችም እሳት፣ ልክ እንደ ድፎ ዳቦ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጠዋት ለብሼው የወረድኩትን ኮት ወንበሩ ላይ እንደተሰቀለ ትቼው ወጣሁ። ሆን ብዬ አይደለም። ረሳሁት። ሲሞቀው ኮት የሚያስታውስ ማን አለ?

መነኻሪያ ደረስኩ። ረዳቱ "ደሴ ደሴ! አንድ ሰው የቀረው!" ይላል። ገባሁ። ስድስት ወንበር ባዶ ነው። (የረዳቶች "አንድ ሰው" ከእኛ ሒሳብ ክፍል ቁጥሮች ጋር የሚገናኝ አይደለም።) መስኮት ዳር ተቀመጥኩና እስከ ጥጉ ድረስ ከፈትኩት። ከኋላዬ አንድ አባት አሉ። ኮት ለብሰዋል። ከኮቱ በላይ ጋቢ። ከሁሉም በላይ የሹራብ ኮፍያ። እሳቸውን ማየቱ ራሱ ያልባል። መኪናው ገና ሳይንቀሳቀስ በከዘራቸው ጫፍ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

"ልጄ፣ እቺን ነገር ገርበብ ብታደርጋት።"

"ገና ኮምቦልቻ እኮ ነን አባባ። በዚህ ሙቀት?"

"መውጣታችን ይቀራል እንዴ?"

እዚህ ላይ ዝም ብል ጥሩ ነበር። አላልኩም። ዞር አልኩና ትምህርት ጀመርኩ። ስለ ቫይረስ ነገርኳቸው። ስለ ቲቢ ነገርኳቸው። አንድ ሰው ቢያስል በተዘጋ መኪና ውስጥ ምን እንደሚሆን በእጄ እያሳየሁ አስረዳሁ። ድምፄ ከፍ እያለ እንደሄደ ይታወቀኛል፤ ምክንያቱም ሌላውም ተሳፋሪ መስማት ጀምሮ ነበር፣ ሰው ሲሰማኝ ደግሞ አልጠላም። እሳቸው "አሃ" እያሉ ሰሙኝ። ስጨርስ፣

"አላህ ዕውቀትህን ይጨምርልህ" አሉና ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት።

ዕውቀቴ ሐረጎ ግማሽ ላይ አለቀ።

ከላይ ዝናብ ጥሎ ነበር። መጀመሪያ የእርጥብ አፈር ሽታ መጣ፣ ደስ አለኝ። ሁለት ኩርባ ቆይቶ ጉሙ ራሱ መጣ። በመስኮቱ ገብቶ ጭኔ ላይ የተቀመጠ እስኪመስለኝ። የለበስኩት ጉርድ እጅጌ ሸሚዝ ነው። ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር አንድ በአንድ ተነሣ። መስኮቱን ዘግቼ መገላገል የአንድ ሴኮንድ ሥራ ነው። ግን እንዴት ብዬ? ከአሥር ደቂቃ በፊት ፕሮፌሰር ነበርኩ።

ስለዚህ መጠበቅ ጀመርኩ። አንድ ሰው "ዝጋው" ይለኛል ብዬ። አንድ ሰው ብቻ! ያኔ እኔም ትንሽ ቅር ያለኝ መስዬ፣ ለእናንተ ስል ነው በሚል ፊት፣ እዘጋዋለሁ። ማንም አላለኝም። አጠገቤ ሕፃን የታቀፈች ሴት ነበረች። ሕፃኑን በነጠላዋ ደራርባ ሸፈነችው እንጂ ቃል አልተነፈሰችም። ጋቢና የተቀመጠው ሰውዬ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀበረ። ለካ በዚያ ሁሉ ንግግሬ ሰዉን አሳምኜው አልነበረም። አፉን አስይዤው ነው። አሁን መኪና ሙሉ ሰው እየበረደው ነው፣ እኔም እየበረደኝ ነው፣ መስኮቱ ግን በእኔ ኩራት ተከፍቶ ዳገቱን ይወጣል።

ጥርሴ መጋጨት ሲጀምር ስልኬን አወጣሁ። ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

"ሄሎ? ሄሎ? አይሰማም! ቆይ ንፋሱ ነው፣ ቆይ!"

መስኮቱን ጥርቅም አደረግኩት። ጥቂት ጊዜ ለራሴ "እሺ፣ እሺ" አልኩ። ስልኩን ወደ ኪሴ ስመልስ ከኋላ በኩል፣ ከጋቢው ውስጥ፣ ረጋ ያለ ድምፅ መጣ፦

"ሐረጎ ናት እንዴ የደወለችልህ?"

መኪናው በሳቅ ፈረሰ። ሕፃን የታቀፈችው ሴት ዕንባዋን ጠረገች። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። ረዳቱ እስከ ዶሮ መዝለያ ድረስ ሒሳብ መሰብሰብ አቃተው። እኔም ከመሳቅ ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ፤ ሳቅኩ። ደሴ ገብተን ሲወርዱ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ "አብሽር። እኔም ድሮ ከፋች ነበርኩ" አሉኝ።

አብሽር ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው። ወሎ ውስጥ ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። አይዞህ ማለት ነው፣ ችግር የለም ማለት ነው፣ አንዳንዴም "አውቄብሃለሁ፣ ግን ትቼልሃለሁ" ማለት ነው። የዚያን ቀኑ የመጨረሻው ነበር።

ቤቴ ገብቼ ቡና እየጠጣሁ ያሳፈረኝ ውሸቱ አልነበረም። ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። በዚያው ቀን ጠዋት፣ ደሴ ላይ፣ አንድ ተማሪ መስኮት ሲከፍት "አንተ ልጅ፣ አይበርድህም እንዴ? ዝጋው!" ያልኩት እኔ ነበርኩ። ያኔ ቫይረስ አላነሣሁም። ቲቢም ትዝ አላለኝም። ልጁ ምግባር የጎደለው፣ ለሰው የማያስብ መስሎኝ ነበር። ማታ ደግሞ ዝጋው ያሉኝ አባት ያልተማሩ መሰሉኝ። በአሥር ሰዓት ውስጥ በሁለቱም ወገን ቆሜ በሁለቱም ጊዜ ትክክለኛው እኔ ነበርኩ። የተቀየረው ዕውቀቴ አይደለም። ቆዳዬ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ያነበብኩት ጥናት አለ። በፈረንጆቹ 2003 ሊፍ ቫን ቦቨንና ጆርጅ ሎወንስታይን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ነው። ስፖርት የሚሠሩ ሰዎችን ጂም ውስጥ አገኟቸው። ገሚሱን ስፖርት ከመጀመራቸው በፊት፣ ገሚሱን ከጨረሱ በኋላ አንድ ታሪክ አስነበቧቸው። ጥቂት ሰዎች ጫካ ውስጥ ጠፍተዋል፣ ምግብም ውሃም የላቸውም። የትኛው ይበልጥ ያሠቃያቸዋል፣ ረሃቡ ወይስ ጥሙ? ስፖርት ሠርተው ላብ በላብ የሆኑት፣ ገና ካልጀመሩት ይልቅ፣ "ጥሙ" ወደ ማለት አደሉ። የተጠየቁት ስለ ሌላ ሰው ነው። የመለሱት ከራሳቸው ጉሮሮ ነው። ሎወንስታይን ለዚህ ዓይነቱ ነገር ስም አውጥቶለታል፤ በሙቅና በቀዝቃዛ መካከል ያለ የመረዳዳት ክፍተት እንደማለት ነው። እሱ ሙቅ የሚለው የራበውን፣ የተቆጣውን፣ ያመመውን ሰው ነው። ቀዝቃዛ የሚለው ደግሞ የተረጋጋውን። በሐረጎ በኩል አልፎ ቢያውቅ ኖሮ ቃል በቃል ይጽፈው ነበር።

የእኛ ሰዎች "ያልደረሰበት ግልግል ያውቃል" ይላሉ። ለእኔ ተረቱ ግማሹን ብቻ ነው የነገረኝ። እኔ እኮ ደርሶብኛል! ብርዱ ጠዋት ደርሶብኝ፣ ከሰዓት ረስቼዋለሁ። ያልደረሰበት ሰው አለማወቁ አይገርምም። የሚገርመኝ የደረሰበት ሰው የሚረሳበት ፍጥነት ነው።

ይህን ካየሁ በኋላ በየቦታው ይታየኝ ጀመር። ወደ ሚኒባስ በሩ ጋ ሂዱ። መሬት ላይ የቆመው ሰው "ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ፣ አንድ ሰው እኮ ነኝ!" ይላል። ይገባል። አንድ እግሩን አስገብቶ በሩ ሳይዘጋ "ሞልቷል ሾፌር፣ ንዳው!" ይላል። ያው ሰው ነው። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ግብር ያበሉበት የነበረ አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። ሚኒባሶቻችንም በመጠኑ አይጠየፍ ናቸው፤ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት እንጭናለን፣ ጫት የያዘው፣ ዶሮ የያዘችው፣ ላፕቶፕ የያዘው ጎን ለጎን። ግን መጠየፉ ከበሩ ላይ ይጀምራል። እኔም አድርጌዋለሁ። "ትርፍ አትጫን" ብዬ የጮህኩበት ቀን፣ ራሴ ትርፍ ሆኜ የገባሁበት ቀን ነበር።

ከዚህ የባሰው የቤት ነገር ነው። ከማግባቴ በፊት ሙጋድ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። አከራዬ በፈረቃው ቀን በር ላይ ቆመው ስንት ጀሪካን እንደሞላሁ ይቆጥሩ ነበር። ማታ መብራቴ ከቆየ "አልተኛህም እንዴ?" ይሉኛል፤ ለእንቅልፌ አስበው ሳይሆን ለቆጣሪው። ለጓደኞቼ እሳቸውን እያስመሰልኩ አስቃቸው ነበር። ዛሬ እኔና ባለቤቴ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ቤት አከራይተናል። የተከራየችው ልጅ ጨዋ ናት፤ ኪራዩን ቀን አታሳልፍም። አንድ ቅዳሜ ልብስ ልታጥብ ሁለተኛ ጀሪካን ስትሞላ በረንዳ ላይ ነበርኩ። "እቱ፣ ይሄ ውሃ እኮ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም" አልኳት። ድምፄን ሰማሁት። ድምፁ የእኔ አልነበረም። ባለቤቴ ከኩሽና ብቅ ብላ "አሁን ማንን መሰልክ?" አለችኝ። የአከራዬን ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምታዋለች፣ በእኔው ትወና።

ልጅቷ ግን ምንም አላለችም፤ ጀሪካኗን ዘግታ ገባች። ምን እንደምትል ለጓደኞቿ መገመት አያቅተኝም።

እንግዲህ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ ሲሞቀው የበረደውን ካላወቀ፣ ደግ የሚባለው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ቀድሞ የማስበው፣ ደግ ሰው የሌላው ስሜት የሚሰማው ነው ብዬ ነበር። አሁን እጠራጠራለሁ። የማያጠራጥረኝ የአያቴ ድስት ነው።

የአባቴ ወገን ሙስሊም፣ የእናቴ ወገን ክርስቲያን ነው። ወሎ ውስጥ ይሄ ወሬ አይሆንም። አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ መደርደሪያዋ ላይ አንድ ድስት ነበራት፤ ቅቤ ነክቶት የማያውቅ። እናቴ በሑዳዴ ስትመጣ ሽሮዋ የሚሠራው በዚያ ነው። አያቴ በዕድሜዋ አንድም ቀን ሑዳዴን አልጾመችም። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን የቀረው ጾም ምን እንደሚያደርግ በሆዷ አታውቀውም። እንደውም "ይሄን ያህል ቀን! እኛስ ማታ ማታ እንፈታለን" ስትል እሰማት ነበር፣ ትንሽ እንደመገረም። ድስቱን ግን ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። አንድ ጊዜ አክስቴ ተሳስታ እንቁላል ጠበሰችበት። አያቴ ሌላ ገዛች። እናቴም በተራዋ ረመዳን ሲገባ የቀን ቡናዋን ከቤቱ ጀርባ ወስዳ ታፈላ ነበር፣ የቁላው ሽታ ጾመኛ ጎረቤት ጋ እንዳይደርስ። "ነውር ነው" ከማለት ሌላ ስትናገርበት አልሰማኋትም።

እነዚህ ሴቶች የሌላውን ረሃብ ተሰምቷቸው አይመስለኝም። ሲጠግቡ እንደሚረሱት ስለሚያውቁ፣ ነገሩን ለስሜታቸው አልተዉትም። ለድስት ሰጡት። ድስት አይረሳም።

እኔም አንድ ድስት አበጅቻለሁ። ትንሽ ያስቃል። ጠዋት ቢሮ ስገባ የቤቴን ቁልፍ ኮቴ ኪስ ውስጥ እከተዋለሁ። ማታ የፈለገ ቢሞቀኝ ያለ ኮት ብወጣ ቤቴ አልገባም። ሁለት ጊዜ መነኻሪያ ደርሼ ተመልሻለሁ፣ እየተራገምኩ። ከሰዓት የሚሞቀው ሰውዬ ጠዋት የበረደውን ሰውዬ አያምነውም፤ ቁልፉን ግን ያምነዋል። የቢሮ ጓደኞቼ፣ እዚያው ኮምቦልቻ የሚያድሩት፣ በዚያ ሙቀት ኮት በክንዴ አንጠልጥዬ ስወጣ ያዩኛል። "ለሠርግ ነው?" ይላሉ።

ለተከራያችን ግን እስካሁን ድስት አላገኘሁላትም። በፈረቃው ቀን በረንዳ ላይ አለመቀመጥን ሞክሬ ነበር። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ስቆጥር ራሴን ያዝኩት።

መስኮት ዳር መቀመጥም ትቻለሁ። ጀግንነት አይደለም፣ ሽሽት ነው። መሀል ወንበር ላይ ሆኜ ሌሎቹ ሲጨቃጨቁ አያለሁ። ባለፈው ሳምንት ማታ ዳገቱን እየወጣን፣ ጆሮው ውስጥ የሙዚቃ ገመድ የሰካ ጎረምሳ ከጎኔ መስኮቱን ይዞ ነበር። ከኋላ አንዷ "ንፋስ!" አለች። ከፊት አንዱ "ኧረ ታፈንን!" አለ። ልጁ ገመዱን ከአንድ ጆሮው ነቀለና ዞር አለብኝ።

"ጋሼ፣ ልክፈተው ልዝጋው?"

ጋሼ ተብዬ ስጠራ በዚያ መንገድ ላይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እሱን ለመዋጥ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ኮቴ ጭኔ ላይ ነው። ይሙቀኝ ይብረደኝ በትክክል አላወቅኩም። ወደ ውጭ አየሁ። መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፍኗል፣ ከሱ ወዲያ ነጭ ጉም ብቻ ነው።

"የት ደርሰናል?" አልኩት።